የሳተላይት መከታተያ ካሜራ ሰዓቱ ነው የሳተው ወይስ ምህዋሩ?

ጥያቄ፦
በ20 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕና በሲሞስ (CMOS፣ የዲጂታል ካሜራ የብርሃን መቀበያ ዓይነት) ካሜራ ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ያሉ ሳተላይቶችን እከታተላለሁ። ቦታቸውን ከከዋክብቱ አንጻር ለክቼ ከቲኤልኢ (TLE፣ የሳተላይቱን ምህዋር የሚገልጽ ባለ ሁለት መስመር የቁጥር መረጃ) ስሌት ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ሁልጊዜ በጉዞው አቅጣጫ ነው፤ ወደ ጎን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የኮምፒውተሩ ሰዓት የሚስተካከለው በኢንተርኔት ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በምን ልለይ?

መልስ 1፦
በእነዚህ ሳተላይቶች አትለየውም። ቲኤልኢ ገና ሲወጣ እንኳ አንድ ኪሎሜትር ገደማ ሊስት ይችላል፤ ስህተቱ የሚያድገውም በዋናነት በጉዞው አቅጣጫ ስለሆነ የሰዓት ስህተት ይመስላል። ወደ ጂፒኤስ ሳተላይቶች ዙር። ደብዛዛ ናቸው፣ ግን ምህዋራቸው በሴንቲሜትር ደረጃ ይታወቃል፤ አይጂኤስ (IGS፣ ዓለም አቀፉ የጂፒኤስ መሰል ሳተላይቶች መረጃ አገልግሎት) በነጻ የሚያወጣውን የኤስፒ3 (SP3፣ የሳተላይቶቹ ትክክለኛ ቦታ በየሰዓቱ የተመዘገበበት) ፋይል አውርድ። ቴሌስኮፑ ከዋክብቱን እየተከተለ የ1 ሰከንድ ፎቶ አንሳ። የጭረቱ መሃል የፎቶው መሃል ሰዓት ነው። ሳተላይቶቹ በሰከንድ ከ30 እስከ 40 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 1/3600ኛ ነው) ስለሚጓዙ ልዩነቱን ለፍጥነቱ አካፍል፤ 4 አርክ ሰከንድ ማለት 0.1 ሰከንድ ገደማ ነው። ሳተላይቱ ከስሌቱ ቀድሞ ከታየ ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል። በተለያየ አቅጣጫ የሚሄዱ አራት አምስት ሳተላይቶችን ሞክር፣ ለእያንዳንዱ 20 ፎቶ ይበቃል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሚሊሰከንድ ከሰጡ ጥፋተኛው ሰዓቱ ነው።

መልስ 2፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ስሌቱ ላይ ግን ተጠንቀቅ ወንድሜ። ኤስፒ3 የሚቆጥረው በጂፒኤስ ሰዓት ነው፤ ከዩቲሲ (UTC፣ ኮምፒውተርህ ከሚከተለው ዓለም አቀፍ መደበኛ ሰዓት) በ18 ሰከንድ ይቀድማል። ይህን የረሳ ሳተላይቱን ጭራሽ ፎቶው ውስጥ ላያገኘው ይችላል፣ ስለዚህ ቶሎ ይነቃበታል። አታላዩ የብርሃን ጉዞ ጊዜ ነው፦ ብርሃኑ ካሜራው ጋ እስኪደርስ ከ67 እስከ 86 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ካልቀነስከው ቁርጥ የሰዓት ስህተት መስሎ ይቀመጣል፣ ወደ ጎን ምንም ምልክት አያሳይም። የመሬት ዘንግ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ አቅጣጫውን መቀየሩን ረስተህ የጄ2000 (J2000፣ ለ2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተሰላ) የከዋክብት መዝገብ ብትጠቀም ግን አንድ ሦስተኛ ዲግሪ ያህል ስለሚያዛንፍ በጎንም ይጋለጣል።

መልስ 3፦
ካሜራው ሲሞስ ከሆነ ሌላም አለ። አብዛኞቹ ረድፍ በረድፍ ነው የሚያነቡት፤ በላይኛውና በታችኛው ረድፍ መካከል አሥር ሃያ ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ ሳተላይቱን መሃል ረድፍ ላይ አድርገህ ለካ፣ ቀጥሎ ላይና ታች። ልዩነቱ ከረድፉ ጋር ቀስ እያለ ከጨመረ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ጠያቂው፦
ቁጥሩን አንዴ ካገኘሁ ሁልጊዜ እሱን ልቀንስ?

መልስ 3፦
አይሆንም። የፎቶውን መጠን ወይም የንባብ ፍጥነቱን ስትቀይር መዘግየቱ ይቀየራል፤ የኢንተርኔት ሰዓትም በየምሽቱ ይዋልላል። ሰዓቱን ከጂፒኤስ መቀበያ የፒፒኤስ ምት (PPS፣ በየሰከንዱ የሚላክ የኤሌክትሪክ ምልክት) ጋር እሰረውና በየምሽቱ መጀመሪያና መጨረሻ አንድ አንድ ሳተላይት ለካ።