አስቸኳይ፦ የሳሎን መስታወት ተሰንጥቋል፣ የትኛውን ልዘዝ?

የሦስተኛ ፎቅ፦ ሰላም ቤተሰብ። የሳሎኑ ትልቁ መስታወት ዛሬ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ለጊዜው በፕላስተር ይዤዋለሁ። መስታወት የሚገጥምልኝ ባለሙያ ነገ ጠዋት ትእዛዙን ስለሚሰጥ ዛሬ ማታ ወስኚ ብሎኛል። ነጠላ፣ ደብል (መሀሉ የታሸገ ክፍተት ያለው ባለ ሁለት መስታወት)፣ ደብል ሎው ኢ (ሙቀት የሚመልስ ስስ ሽፋን ያለው) ወይስ ባለ ሦስት መስታወት? ከሰዓት በኋላ ቤቱ እሳት ነው፣ ኤሲውም አይችለውም። ኃይል የሚቆጥበው የቱ ነው? እባካችሁ ቶሎ።

መዶሻ፦ ደብል አስገቢና ተገላገይ።

አባባ መምህር፦ ልጄ፣ ረጋ በይ። መስታወት ምን ያህል ሙቀት እንደሚያሳልፍ የሚነግረን ቁጥር ዩ ቫልዩ ይባላል። ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ነጠላ 5.8 ገደማ ነው። ተራ ደብል 2.8 አካባቢ። ሎው ኢ ሽፋንና አርጎን ጋዝ ያለው ደብል እስከ 1.1 ይወርዳል። ባለ ሦስቱ ከ1 በታች ነው። ሥራውን የሚሠራው በመሀል የታሸገው ጋዝ ነው፤ አርጎን ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ከአየር ያነሰ ነው። ክፍተቱ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይሁን። በጣም ከሰፋ ጋዙ ውስጥ ለውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ያመላልሳል። ስለዚህ አቅም ካለሽ ባለ ሦስቱን።

ቀስተ ደመና፦ አባባ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን እሷን ያስቸገራት ፀሐይ ነው። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው አይደል? ዩ ቫልዩ በመስታወቱ አልፎ ስለሚገባው ጨረር አይናገርም። ለሱ ጂ ቫልዩ የሚባል ሌላ ቁጥር አለ። ተራ ደብል 0.75 ገደማ ነው፤ ከፀሐዩ ሙቀት ሦስት አራተኛው ይገባል ማለት ነው። ፀሐይ ተከላካዩ ሎው ኢ 0.3 አካባቢ ሊያወርደው ይችላል። ሎው ኢ ሲባል ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ለብርድ አገር የተሠራው ፀሐዩን ሆን ብሎ ያስገባል። ለአንቺ እሱ አይሆንም።

የሦስተኛ ፎቅ፦ አዎ፣ ምዕራብ ነው! ፍሬሙ አሉሚኒየም ነው።

መዶሻ፦ ደብል አልኩሽ እኮ።

ፈገግታ፦ መስታወትና ፕላስተር ሲደመር ደብል አይሆንም? 😄

ግራጫ ድመት፦ መስታወት መቀየር ብቻውን ይበቃል ያለሽ ማነው? ከውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ ፀሐዩን የሚያገኘው ከገባ በኋላ ነው። ከውጭ ጥላ ብታሠሪ ሙቀቱ መስታወቱ ጋር ሳይደርስ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ፍሬሙ የተሠራው ለነጠላ ከሆነ ደብሉ ላይገባ ይችላል። 4 ሲደመር 16 ሲደመር 4፣ 24 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። ጎድጓዱን ሳትለኪ እንዳታዢ! ታሽጎ የመጣ ደብል አይቆረጥም። ሦስተኛ፣ ለምን ተሰነጠቀ? ስንጥቁ ከጠርዙ ቀጥ ብሎ ከተነሣ፣ ያልተመጣጠነ ሙቀት ይሆናል።

የሦስተኛ ፎቅ፦ ቀጥ ብሎ ነው የተነሣው። የቀድሞው ባለቤት የለጠፈው ጥቁር ፊልም አለ።

ግራጫ ድመት፦ እንግዲያው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ፊልሙ ፀሐይ ይጠጣል፣ መሀሉ ይግላል፣ በፍሬሙ የተሸፈነው ጠርዝ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። አዲሱ ላይ እንዳይለጠፍ።

ቀስተ ደመና፦ ትእዛዙ ላይ እንዲህ ይጻፍልሽ፦ ፀሐይ ተከላካይ ሎው ኢ፣ ሽፋኑ ከውጭ ሲቆጠር ሁለተኛው ገጽ ላይ (የውጩ መስታወት የውስጥ ጎን)፣ ጂ ቫልዩው በቁጥር። ተገልብጦ ከተገጠመ የውስጡ መስታወት ይግላል። ሲመጣ ከውስጥ ሆነሽ ላይተር አብሪበት። ከእያንዳንዱ ገጽ አንድ፣ በጠቅላላው አራት ነጸብራቅ ታያለሽ። ከአንቺ ሦስተኛው ቀለሙ ከተለየ ልክ ነው። መስኮቱ ወደ ወለል የሚወርድ ከሆነ ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ መስታወት) ይሁን።

አባባ መምህር፦ ይህ የላይተሩ ነገር ጥሩ ነው። እኔም ምዕራብ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ባለ ሦስቱን አልመክርም፤ ክብደቱም ለዚያ ፍሬም ይከብዳል።

ነጭ ደመና፦ ጣልቃ ልግባ። የኔ ደብል በሁለቱ መስታወት መሀል ጉም ይዟል። ተከፍቶ ይጠረጋል?

ግራጫ ድመት፦ አይከፈትም። ማሸጊያው ለቅቆ እርጥበት ገብቷል። ፍሬሙ ደህና ከሆነ መስታወቱ ብቻ ይቀየራል።