የኤሌክትሪክና የብርሃን ሙከራ ሳጥን፦ ፕሮፖዛሉን እዚህ እንጨርሰው

አስተባባሪ፦
ሰላም የማኅበራችን አባላት። ለተማርንበት ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል የፊዚክስ ሙከራ ዕቃ ለማሟላት ተስማምተናል። ወረቀቱን ከማስገባታችን በፊት ግን ምን እንደምንገዛና ለምን እንደምንገዛ እዚህ እንነጋገር። የኔ መነሻ ሐሳብ ትልቅ ላብራቶሪ አይደለም። 12 የእንጨት ሳጥን ነው። አንድ ክፍል 60 ገደማ ተማሪ ስላለው አንድ ሳጥን ለ5 ልጅ ይደርሳል። የሚገባው ዕቃ በሙሉ ደብረ ብርሃን ወይም መርካቶ ሱቅ ላይ የሚገኝ ይሁን። ሲበላሽ በማግስቱ ይተካል። በተለይ የቲቸርን አስተያየት እጠብቃለሁ።

አባል፣ ከሜሪላንድ፦
ሐሳቡ ደስ ይላል። እኛ ደግሞ እዚህ ያገለገለ የላብራቶሪ ዕቃ ማሰባሰብ እንችላለን። ፓወር ሰፕላይ፣ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ)፣ ጥሩ ጥሩ ሌንሶች። የመርከብ ወጪውን እዚህ ያለነው እንሸፍናለን። ቲቸር፣ ምን ይላሉ?

የፊዚክስ መምህር፦
ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማሰብህ ብቻ ያኮራኛል። ነገር ግን የአሜሪካ ዕቃ አብዛኛው የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ የኛ ሶኬት 220 ነው። እሱ በትራንስፎርመር ይፈታል እንበል። መብራት የጠፋ ቀንስ? ደግሞም 220 ቮልት የተዘረጋበት ጠረጴዛ ዙሪያ 60 ልጅ ማሰማራት አልፈልግም። ሁሉም ነገር በባትሪ ድንጋይ ይሁን። ሌንሶቹን ግን ላክልን፤ ሌንስ ኮረንቲ አይፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ተማሪዎቼ የኦምን ሕግ በቃላቸው ይወጡታል። ቮልቴጅ ማለት ጅረት ሲባዛ በሬዚስታንስ (ጅረቱ በሚገታበት መጠን)፤ ቁጥር ከሰጠኋቸው አስልተው ይመልሳሉ። ሁለት አንድ ዓይነት አምፖል በተከታታይ ሥዬ «የቱ ይበልጥ ይደምቃል?» ስላቸው ግን ብዙዎቹ «ለባትሪው የሚቀርበው» ይላሉ። የመጀመሪያው አምፖል ጅረቱን በልቶ ለሁለተኛው ትራፊ የሚያስተላልፍ ይመስላቸዋል። በፈተና ጥሩ ውጤት ያላቸውም እንዲሁ ነው የሚሉት። ቀመሩ ይህን እምነት አይነካውም።

ስለዚህ ሳጥኑ ከዚህ ጥያቄ ይጀምር። ልጁ ሽቦ ከመንካቱ በፊት ግምቱን በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ ጅረቱን ሦስት ቦታ ይለካ፦ ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ በሁለቱ መሃል፣ ከሁለተኛው በኋላ። ሦስቱም ቦታ ያው ቁጥር ነው። እዚያ ላይ ክፍሉ ይንጫጫል፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነው። «ታዲያ አምፖሉ የሚወስደው ምንድን ነው?» ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ። ያኔ ኃይልን ከጅረት ለይቼ ማስረዳት እችላለሁ። የሳይክል ሰንሰለት ዞሮ ይመለሳል እንጂ አያልቅም፤ ጎማውን የሚያዞረው ኃይል ግን በሱ በኩል ይተላለፋል። ግምት ሳይጽፍ ሽቦ የሚያገናኝ ልጅ አምፖል ሲበራ አይቶ ይሄዳል። በፕሮፖዛሉ ላይ «አስቀድሞ መገመት» የሚለው እንደ ግዴታ ይግባ ባይ ነኝ።

አባል፣ የመለዋወጫ ነጋዴ፦
ቲቸር፣ እጅ ነስቻለሁ። አንድ ችግር ልንገርዎ። ያቺ የድሮዋ የእጅ ባትሪ አምፖል ከገበያ እየጠፋች ነው። አሁን የሚመጣው ሁሉ ኤልኢዲ ሆኗል። ኤልኢዲ እንግዛ ይሆን?

የፊዚክስ መምህር፦
ለዚህ ሙከራ አይሆንም። ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ጭራሹን አይበራም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ልጁ ገና ተራውን ሳይረዳ ሌላ እንቆቅልሽ ይገጥመዋል። ክር ያለው አምፖል ፈልግልኝ ልጄ።

አባል፣ የመለዋወጫ ነጋዴ፦
እንግዲያው የመኪና ዳሽቦርድ አምፖል አለ። 12 ቮልት፣ 1.2 ዋት። እኔ ዘንድም ጎረቤት ሱቅም ሞልቷል። ለእያንዳንዱ ሳጥን 4 አደርጋለሁ፤ ይህ የኔ መዋጮ ይሁን።

አባል፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፦
ወንድሜ፣ ግሩም ምርጫ ነው። 1.2 ዋት በ12 ቮልት ማለት 0.1 አምፔር፣ ወይም 100 ሚሊአምፔር ነው። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስለሆነ 8 ድንጋይ በተከታታይ 12 ቮልት ይሰጣል። ይህ ጅረት በርካሹ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) 200 ሚሊአምፔር መስመር ላይ በሰላም ይለካል። የሞተር ሳይክል ባትሪ እንዳናስብ ግን አደራ። ሁለቱ ጫፎቹ በስህተት ቢነካኩ ሽቦው ወዲያው ይግላል፣ እጅ ያቃጥላል። የስልክ ባትሪም እንዲሁ ክልክል ይሁን። ለቴስተሮቹ ትርፍ ፊውዝ እንግዛ። ልጆች ቴስተሩን ጅረት መለኪያ ላይ አድርገው ቀጥታ ባትሪው ላይ መሰካታቸው አይቀርም።

ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት አምፖል በተከታታይ ሲገባ ጅረቱ ልክ ግማሽ አይሆንም፤ ከግማሽ በላይ ይቀራል። ክሩ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ስለሚቀንስ ነው። ስለዚህ የኦምን ሕግ በአምፖል አናሳይ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ይሻላል። የ1000 ዋት ምድጃ ጥቅል በ220 ቮልት ሲሰላ 48 ኦም ገደማ ነው። አዲስ ጥቅል ገዝተን መሃል ለመሃል ብንቆርጠው ሁለት 24 ኦም ይወጣዋል። 6 ጥቅል ለ12 ሳጥን ይበቃል። በግማሹ ጥቅል ላይ በ1 ድንጋይ 62፣ በ2 ድንጋይ 124፣ በ3 ድንጋይ 186 ሚሊአምፔር ገደማ ይነበባል። ነጥቦቹን በግራፍ ወረቀት ላይ ሲያስቀምጡ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ከ3 ድንጋይ አይለፉ፤ ፊውዙ ይሄዳል።

ከዚያ ሒሳቡን ወደ ቤት እናምጣው። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ነው። ያን ሁሉ ጅረት በቀጭን ማራዘሚያ ሽቦ የሚያሳልፍ ቤት ስንት አለ! ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በጅረቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ያሰላች ልጅ እናቷ ቤት ያለውን ማራዘሚያ ሄዳ ታያለች። ይህ በሒሳብ ብቻ እንጂ በሙከራ አይሠራ፤ ሶኬት አይነካም።

አባል፣ የ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ መምህርት፦
ኤሌክትሪኩ ጥሩ ሄዷል፤ ብርሃን ተረሳ እንዳይባል እኔ ልምጣ። በቲቸር መንገድ ልሂድ፤ መጀመሪያ ግምት። ተማሪዎቹ ትንሽ የእጅ መስታወት ይያዙ። ግንባራቸውና አገጫቸው የሚታዩበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በሳሙና ምልክት ያድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መሃል ያለው ርቀት የፊታቸው ቁመት ግማሽ ነው። «ወደ ኋላ ብንርቅስ?» በሏቸው። ብዙዎቹ ይቀንሳል ይላሉ። ይራቁና ያረጋግጡ፤ አይለወጥም።

ለሌንስ ደግሞ መንገድ ላይ የሚሸጠው የማንበቢያ መነጽር ይበቃናል። +4 የተጻፈበት መነጽር የትኩረት ርቀቱ (ከሩቅ የመጣ ብርሃን ከሌንሱ አልፎ የሚሰበሰብበት ርቀት) 1 ሜትር ለ4 ሲካፈል፣ ማለትም 25 ሴንቲሜትር ነው። ልጁ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጥፍና የመስኮቱን ምስል ተገልብጦ ያገኘዋል፤ ርቀቱን በማስመሪያ ይለካል። ቀጥሎ የሌንሱን ግማሽ በካርቶን እንሸፍን። «ምስሉ ምን ይሆናል?» ግማሹ ይጠፋል የሚለው መልስ ይበዛል። ምስሉ ግን ሙሉውን እዚያው ነው፤ የሚደበዝዘው ብርሃኑ ብቻ ነው። ከመስኮቱ እያንዳንዱ ነጥብ የወጣው ብርሃን መላውን ሌንስ ስለሚመታ ነው። ለኔ ከሁሉም ሙከራ የምወደው ይህን ነው።

አባል፣ ከሜሪላንድ፦
እህቴ፣ በጣም ወደድኩት። መነጽሮቹን እኔ እልካለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ በኩል ያለፈውን የቀለበት ግርዶሽ ታስታውሳላችሁ? ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በግብፅና በሳዑዲ ሙሉ ግርዶሽ አለ፤ ኢትዮጵያ ላይ በከፊል ይታያል። ፕሮጀክቱን ለዚያ ቀን ብናደርሰውስ?

አባል፣ የ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ መምህርት፦
ሐምሌ እኮ ክረምት ነው። ልጆቹ ቤታቸው ናቸው፣ የደብረ ብርሃን ሰማይም ደመና ነው። ፀሐይን ለማጥናት ግርዶሽ አያስፈልገንም። ካርቶን በመርፌ እንብሳ፤ 2 ሜትር ርቆ በተቀመጠ ነጭ ወረቀት ላይ የፀሐይ ምስል ይወድቃል። ስፋቱ 19 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 2 ሜትር 2000 ሚሊሜትር ነው፤ 2000ን ለ19 ማካፈል 105 ገደማ ይሰጣል። የፀሐይ ርቀትም እንዲሁ የስፋቷ 105 እጥፍ ገደማ ነው። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለችና ያንን ለ105 አካፍሉ። የፀሐይን ስፋት 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። በካርቶንና በማስመሪያ! ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ሲጠራ እናድርገው። ማንም ልጅ በቀዳዳውም ሆነ በሌንስ ወደ ፀሐይ እንዳያይ በቀይ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁሉንም ሰማሁ። ድንጋይ የሚያልቅ ነገር ነው፤ 8 ለ12 ሳጥን 96 ይሆናል። አንዴ ሰጥተን መገላገል ስለሌለ የየዓመቱ ድንጋይ፣ ፊውዝና አምፖል ራሱን የቻለ የበጀት መስመር ይኑረው። የመርካቶን ዋጋ ይዤ እመጣለሁ።

አስተባባሪ፦
ተስማምተናል ብዬ እጽፋለሁ። በፕሮፖዛሉ ላይ የሚገባው አንቀጽ ይህ ነው፦ «ማኅበሩ 12 የሙከራ ሳጥን በባትሪ ድንጋይ ብቻ እንዲሠሩ አድርጎ ያቀርባል። እያንዳንዱ ሙከራ ተማሪው አስቀድሞ ግምቱን በጽሑፍ በማስፈር ይጀምራል። ሳጥኖቹ ለክፍል ከመግባታቸው በፊት መምህራኑ ራሳቸው ሙከራዎቹን ሠርተው ይፈትሻሉ። ማኅበሩ የሚያልቁ ዕቃዎችን በየዓመቱ ይተካል።»

ቲቸር የኤሌክትሪኩን መመሪያ፣ እህታችን የብርሃኑን ይጻፉልን። መሐንዲሳችን የደኅንነቱን ገጽ ይያዝ። አንድ ሙሉ ሳጥን ለናሙና እኔ አሠራለሁ፤ የአናጺውን ዋጋም ለገንዘብ ያዣችን አሳውቃለሁ። ያልተስማማ አባል እስከ እሑድ እዚህ ይጻፍ፤ ሰኞ ለርዕሰ መምህሩ አስገባለሁ።