የዕቅድ ውይይት፦ የስንዴ ዋግ ዐውደ ጥናት ረቂቅ ፕሮፖዛል

አስተባባሪዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ረቂቁን አይታችሁታል። የሰብል ባለሙያዎችና የኤአይ ተመራማሪዎች ሦስት ቀን አብረው ይቀመጡና ስለ ስንዴ ዋግ፣ ማለትም ፈንገስ ስለሚያመጣው የስንዴ በሽታ፣ አንድ የምርምር ጥያቄ ይዘው ይወጣሉ። አሁን የተጻፈው "ዋግን በፎቶ የሚለይ ሞዴል" ይላል። ቦታው አዲስ አበባ፣ ጊዜው ጥር። አስተያየታችሁን ስጡ።

የመረጃ ሳይንስ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦
ፎቶው ይቆይ እላለሁ። ከዜሮ አንነሳም። እ.ኤ.አ. በ2020 አይሲኤልአር የሚባለው ዓለም አቀፍ የኤአይ ጉባኤ አዲስ አበባ ሊካሄድ ታስቦ በኮሮና ምክንያት ኦንላይን ሆነ። ያኔ ከጉባኤው ጋር ተያይዞ ዚንዲ በሚባለው የመረጃ ሳይንስ ውድድር ድረ ገጽ ላይ የዋግ ፎቶ ውድድር ነበር። ከኢትዮጵያና ከታንዛኒያ የተሰበሰቡ ፎቶዎች ናቸው፤ የቅጠል ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ ጤነኛ እየተባሉ የተለዩ። እሱን ማስፋት እንችላለን።

የሰብል በሽታ ባለሙያ፣ አርሲ፦
ወንድሜ፣ ሥራውን አከብራለሁ። ግን ቅጠሉ ቢጫ ብናኝ ከለበሰ ገበሬው ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ማሳው ውስጥ ሲያልፍ ሱሪው ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ሲመታ የቸገረን በሽታውን መለየት አልነበረም። የቸገረን መድኃኒቱ በጊዜ አለመድረሱ ነበር። ከዚያ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ብለን ዲጋሉ የሚባለውን ዝርያ ዘራን። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ መጥቶ ዲጋሉን አርሲና ባሌ ላይ ጨረሰው። ያንን ማሳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እስካሁን ከአእምሮዬ አይወጣም።

ስለዚህ "ይህ ዋግ ነው ወይ?" ብለን አንጠይቅ። "በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የትኛው ወረዳ ይደርሳል? መድኃኒቱስ መጀመሪያ ወዴት ይጫን?" ብለን እንጠይቅ። ሞዴሉም የሚመዘነው ስንት ቀን ቀድሞ በነገረን ይሁን።

የመረጃ ሳይንስ ባለሙያ፦
ጋሼ፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ያሉበት የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አለ እኮ። እሱን ልንደግም ነው?

የሰብል በሽታ ባለሙያ፦
አንደግምም፣ እንቀጥልበታለን። እሱ ብናኙ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። ቢጫ ዋግ ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ አየር ይወዳል፤ የግንድ ዋግ ሞቅ ሲል ይበረታል። ይህን ሳይንሱ ያውቀዋል። የጎደለው ማን ምን ዝርያ ዘራ የሚለው ነው። እኔ በምሠራበት አካባቢ ይህ መረጃ ያለው በልማት ሠራተኛው ማስታወሻ ደብተር ነው። አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም።

አባል፣ ሚኒሶታ፦
እዚህ ሴንት ፖል ያለው የእህል በሽታ ላቦራቶሪ የኢትዮጵያን የግንድ ዋግ ናሙና ሲመረምር ኖሯል። ናሙናው ደርሶ ውጤቱ እስኪታወቅ ግን ስንዴው ታጭዷል። እዚያው አገር ውስጥ፣ አምቦ ላይ የዋግ ናሙና የሚመረምሩትን የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ከመጀመሪያው ቀን እንጋብዛቸው፤ በመጨረሻው ቀን ለንግግር ብቻ አይሁን።

የቋንቋ ቴክኖሎጂ ተመራማሪ፣ ባሕር ዳር፦
አንድ ነገር ልጨምር። ማስጠንቀቂያው አርሲ ላይ በአፋን ኦሮሞ፣ ጎጃም ላይ በአማርኛ መድረስ አለበት፤ ያውም በድምፅ። ገበሬው 8028ን፣ የግብርና ምክር የሚሰጠውን የስልክ መስመር፣ ለምዶታል፤ አዲስ መተግበሪያ አንጫንበት። ማሳካኔ የሚባለው የተመራማሪዎች ኅብረት የአፍሪካ ቋንቋዎችን የኤአይ ሥራ ከተናጋሪዎቹ ጋር ነው የጀመረው። እኛም ከልማት ሠራተኞቹ እንጀምር።

የመረጃ ሳይንስ ባለሙያ፦
አሳምናችሁኛል። ፎቶው የልማት ሠራተኛው ሪፖርት ማረጋገጫ ሆኖ ይግባ። ዋናው ሥራ ግን ትንበያው ይሁን።

አስተባባሪዋ፦
እሺ፣ እንዲህ ላስተካክለው። ቦታው አርሲ ያለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል። ጊዜው መስከረም መጨረሻ፣ ስንዴው ማሳ ላይ እያለ። የመጀመሪያው ቀን ማሳ ላይ ይውላል፤ ላፕቶፕ የሚከፈተው በሁለተኛው ነው። ከተሳታፊው ግማሹ የልማት ሠራተኞችና ገበሬዎች ይሆናሉ፤ አበልና ትራንስፖርታቸው በጀቱ ላይ ከሁሉም በፊት ይያዛል። የቀረን የመረጃው ባለቤትነት አንቀጽ ነው። ደብተሩን የሰጠን ሰው ስሙ ጽሑፉ ላይ ይግባ ወይስ አይግባ? ማን ይጽፈዋል?

የሰብል በሽታ ባለሙያ፦
ይግባ እንጂ እህቴ። አንቀጹን እኔ እጽፈዋለሁ፤ ሐሙስ ይደርስሻል።