ሜሞሪ የሚያፈስ የሲስተም ላይብረሪ፤ እስኪታረም ምን ላድርግ?

የቱሉ ዲምቱው፦
ሰላም ቤተሰብ። የሕንፃ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኡቡንቱ ጭነን እንደ ሰርቨር እንጠቀማለን፤ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ሾፌሮች የደረሰኝ ፎቶ ይልካሉ፣ እኔ የጻፍኩት የፓይተን ፕሮግራም በሲስተሙ የምስል ላይብረሪ ያሳንሰዋል። ሰኞ 200 ሜጋ የነበረው ፕሮሰስ ቅዳሜ 3 ጊጋ ይገባል። ከዚያ ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ይገድለዋል።

የሚያስቀው፣ ድሮ ይህን አላየነውም። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ሜሞሪው ሳይሞላ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳ ነበር። ኢንቨርተር ከገዛን ወዲህ ነው ጉዱ የወጣው! ላይብረሪውን እንዳልቀይር የሂሳብ ሶፍትዌሩም የሚሠራው በእሱ ነው።

ሊኑክስ በሻይ፦
መጀመሪያ የምር እያፈሰሰ መሆኑን ለይ። አንዱን ፎቶ 300 ጊዜ አሳልፈው፣ በየ50ው የያዘውን ሜሞሪ መዝግብ። ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ከቆመ ሊክ (ሜሞሪ ማፍሰስ) ላይሆን ይችላል። ጂሊብሲ (ለፕሮግራሞች ሜሞሪ የሚያድለው የሲስተሙ ላይብረሪ) በ64 ቢት ማሽን ላይ ለአንድ ኮር እስከ 8 አሬና (የሜሞሪ ክምችት) ይፈቅዳል። ባለ 4 ኮር ከሆነ 32 ሊደርስ ነው። ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ከበዛ ሜሞሪው እዚያ ተበታትኖ ይቀራል። «ማሎክ አሬና ማክስ» የሚባለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል 2 አድርገህ ሞክር።

ሰንዳፋ፦
ምን አስጨነቀህ? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በክሮን (ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው ፕሮግራም) ሪስታርት አድርግና ተኛ።

የቱሉ ዲምቱው፦
ሰንዳፋ፣ ከባድ መኪኖቹ የሚገቡት ሌሊት ነው፤ ያኔ ካቋረጥኩት ደረሰኝ ይጠፋብኛል። ሊኑክስ በሻይ፣ አሬናውን 2 አድርጌ ፈተንኩት። አልቆመም። በየፎቶው 3 ሜጋ ገደማ ይጨምራል።

የለገጣፎዋ፦
እንግዲያው ሊክ ነው። ወደ ጄማሎክ (ሌላ አሎኬተር፣ ማለትም ሜሞሪ አዳይ) ቀይር የሚልህ ሰው ቢመጣ አትድከም፤ ላይብረሪው ያልለቀቀውን ሜሞሪ የትኛውም አሎኬተር አይመልስልህም።

ማሳነሱን ከዋናው ፕሮሰስ አውጣና ለልጅ ፕሮሰስ ስጠው። የፓይተን መልቲፕሮሰሲንግ ፑል (የልጅ ፕሮሰሶች ስብስብ) «ማክስ ታስክስ ፐር ቻይልድ» የሚል አማራጭ አለው። 20 በለው። ልጁ 20 ፎቶ ሠርቶ ይሞታል፣ ሌላ ይተካል። ፕሮሰስ ሲሞት የያዘውን ሁሉ ከርነሉ ይረከባል። አንድ ነገር ልብ በል፦ «ማፕ» (ሥራዎቹን ለልጆቹ የሚያከፋፍለውን ትእዛዝ) የምትጠቀም ከሆነ ቸንክ ሳይዙን (በአንዴ ለልጁ የሚሰጠውን የፎቶ ብዛት) 1 አድርገው። አለዚያ አንድ ሙሉ ቸንክ እንደ አንድ ሥራ ይቆጠርና ልጁ ቶሎ አይሞትም። እኔ ሁለት ቀን ያባከንኩት በዚህ ነው።

ሊኑክስ በሻይ፦
ልክ ናት። የታረመው ስሪት ሲወጣ ደግሞ ለብቻው «ኦፕት» ፎልደር ውስጥ ጫነውና «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ»ን (ላይብረሪ የት እንደሚፈለግ የሚናገረውን ቫሪያብል) በፎቶ ፕሮግራምህ ሰርቪስ ፋይል ላይ ብቻ ጻፍ። የሂሳብ ሶፍትዌሩ ከድሮው ጋር ይቀጥላል። ለመላው ሲስተም እንዳታደርገው ብቻ።

የቱሉ ዲምቱው፦
ስምንት ቀን ሆነው። ዋናው ፕሮሰስ 190 ሜጋ ላይ ቀጥ ብሏል። እንዳልሽው «ማፕ» ነበር የምጠቀመው፤ ቸንኩን 1 እስካደርግ ድረስ ምንም ለውጥ አልነበረም። እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ትናንት ሌሊት ደግሞ የኢንቨርተሩ ባትሪ አለቀ። እሱን ሌላ ቀን እጠይቃለሁ።