የከዋክብት ርቀት፣ የሙቀት መጠንና መጠነ ቁስ፦ የሚለካው የትኛው ነው፣ የሚሰላውስ?

ንባብ ወዳድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ከዋክብት የተጻፈ ነገር ባነበብሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። «የዚህ ኮከብ የሙቀት መጠን 3,500 ኬልቪን ነው፤ የዚያኛው መጠነ ቁስ የፀሐይን 2 እጥፍ ነው፤ ሌላኛው ደግሞ ከእኛ 11 የብርሃን ዓመት ይርቃል» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች በሚዛን ላይ እንደተነበበ ክብደት በፍጹም እርግጠኝነት ይቀርባሉ። ይሁን እንጂ በቴሌስኮፕ ስመለከት ኮከብ የብርሃን ነጥብ እንደሆነ ይቀራል፤ እንደ ጨረቃ ጉድጓድ ወይም እንደ ጁፒተር መቀነት ዓይን የሚያርፍበት ገጽ አይታይበትም። ታዲያ ከእነዚህ ቁጥሮች በቀጥታ የተለካው የትኛው ነው? በስሌት የተገኘውስ? ከመካከላቸው አንዱ ስህተት ሆኖ ቢገኝ የትኞቹ አብረውት ይወድቃሉ? ቀመሩን ብቻ ሳይሆን መንገዱን የሚያስረዳኝ ባገኝ በጣም ደስ ይለኛል።

የሰማይ ካርታ

ጥያቄዎ የጉዳዩን ሥር የሚነካ ስለሆነ ከመሠረቱ ብንጀምር ይሻላል። ከኮከብ ወደ እኛ የሚደርሰው ብርሃን ነው፤ ከዚያ ብርሃን ላይ ደግሞ በቀጥታ ልንለካ የምንችለው በዋናነት ሦስት ነገር ነው፦ ከየትኛው አቅጣጫ እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ በየሞገድ ርዝመቱም እንዴት እንደተከፋፈለ። ሦስቱም በጊዜ ውስጥ ሲለዋወጡ እንመዘግባለን። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ የሚወጣ ነው።

ርቀት የሚገኘው ከመጀመሪያው፣ ከአቅጣጫ ነው። ጣትዎን ፊትዎ ላይ አቁመው አንዱን ዓይን ከዚያም ሌላውን ሲጨፍኑ፣ ጣቱ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታውን የቀየረ ይመስላል። ምድርም በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር በስድስት ወር ልዩነት 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ በሚራራቁ ሁለት ቦታዎች ላይ ስለምትገኝ፣ ቅርብ የሆነ ኮከብ ከኋላው ካሉት ሩቅ ከዋክብት አንጻር በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። ይህ ፓራላክስ ይባላል። ችግሩ የእንቅስቃሴው ማነስ ነው። በ1838 ፍሪድሪሽ ቤሰል 61 ሲግኒ በተባለው ኮከብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳማኝ ልኬት ሲያቀርብ ያገኘው ማዕዘን ከአንድ ቅስት ሰከንድ፣ ማለትም ከዲግሪ 3,600ኛ ክፍል፣ ሲሶ ያህል ብቻ ነበር። ወርዱ 2 ሴንቲሜትር የሆነ ነገር ከ14 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ የሚይዘው ማዕዘን ይህን ያህል ነው።

ቤሰል የተጠቀመበት መሣሪያ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የቴሌስኮፑ ሌንስ መሐል ለመሐል ለሁለት የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ግማሽ የራሱን ምስል ይሠራል። ተመልካቹ አንዱን ግማሽ በብሎን ቀስ እያለ እያንሸራተተ፣ የሚፈልገው ኮከብ ምስል በጎረቤቱ ኮከብ ምስል ላይ በትክክል እስኪያርፍ ይጠብቃል፤ ከዚያም ብሎኑ ስንት እንደዞረ ያነባል። በዚህ ዓይነት ትዕግሥት የተገኘው ልኬት ዛሬ ከምናውቀው 0.286 ቅስት ሰከንድ፣ ማለትም ከ11.4 የብርሃን ዓመት፣ እምብዛም የራቀ አልነበረም። በ1989 የመጠቀችው ሂፓርኮስ ሳተላይት ወደ 118,000 የሚጠጉ ከዋክብትን ለካች። በ2013 የመጠቀችው ጋያ ደግሞ እስከ ጥር 2025 ድረስ ስትመለከት ቆይታ፣ ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን ቦታ መዝግባለች።

ለጥያቄዎ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ፓራላክስ ስለ ኮከቡ ተፈጥሮ ምንም ዓይነት ግምት አይፈልግም፤ ንጹሕ ጂኦሜትሪ ነው። ርቀቱ ከታወቀ በኋላ ደግሞ፣ ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚሳሳ፣ ወደ እኛ ከሚደርሰው ድምቀት ተነሥተን ኮከቡ በጠቅላላው የሚያመነጨውን የብርሃን ኃይል እናሰላለን። ሲርየስ በሰማያችን ላይ ከራይጀል ይልቅ ደምቆ ይታያል፤ ነገር ግን ሲርየስ 8.6 የብርሃን ዓመት ብቻ ስለሚርቅ ነው እንጂ፣ የሚያመነጨው የፀሐይን 25 እጥፍ ገደማ ሲሆን የራይጀል ግን ከ50,000 እጥፍ በላይ ነው።

የፊዚክስ መምህር

ከላይ የተሰጠውን ማብራሪያ እቀበላለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ ስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ ተዘርግቶ ሲታይ ስለሚሰጠው ገጽታ ነው። ፈላስፋው ኦጉስት ኮምት በ1835 የከዋክብትን ኬሚካዊ ይዘት የሰው ልጅ ፈጽሞ ሊያውቅ እንደማይችል ጽፎ ነበር። ሩብ ምዕት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1859፣ ኪርኾፍና ቡንሰን እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ የሞገድ ርዝመቶች ላይ ብርሃን እንደሚያመነጭና እንደሚውጥ አሳዩ። ሶድየምን ብንወስድ፣ በ589.0 እና በ589.6 ናኖሜትር ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መስመሮች አሉት። በቤተ ሙከራ የሶድየም ነበልባል ላይ ቢጫ ሆነው የሚበሩት እነዚያው ሁለት መስመሮች በፀሐይ ስፔክትረም ላይ ጥቁር ሆነው፣ በዚያው ቦታና በዚያው ክፍተት ይገኛሉ። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ስለ ማስረጃው ብዙ አይከራከርም።

የሙቀት መጠንን በተመለከተ የመጀመሪያው ምልክት ቀለም ነው። የሞቀ አካል ብርሃኑ ከፍተኛ የሚሆንበት የሞገድ ርዝመት የሙቀት መጠኑ በጨመረ ቁጥር ያጥራል፤ 5,772 ኬልቪን ለሆነችው ፀሐይ 500 ናኖሜትር አካባቢ፣ 3,500 ኬልቪን ገደማ ለሆነው ቤቴልጁስ ግን 830 ናኖሜትር አካባቢ፣ ማለትም ከቀይ ብርሃን ባሻገር ነው። ስለዚህ የኮከቡን ድምቀት በሰማያዊ ማጣሪያና በቢጫ ማጣሪያ ለየብቻ ለክቶ ልዩነቱን መውሰድ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ነገር ግን ቀለም ያታልላል። ሮበርት ትራምፕለር በ1930 እንዳሳየው በከዋክብት መካከል ያለው አቧራ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጦ ስለሚያስቀር፣ ከአቧራ ጀርባ ያለ ትኩስ ኮከብ ቀዝቃዛ መስሎ ሊታይ ይችላል።

በእኔ አስተያየት ከቀለም ይልቅ መታመን ያለባቸው መስመሮቹ ናቸው። አቧራ ስፔክትረሙን በጠቅላላው ያደበዝዛል እንጂ የአንድን ጠባብ መስመር ጥንካሬ አይለውጥም። የሃይድሮጅን የሚታዩ መስመሮች በጣም የሚጎሉት በ10,000 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ምክንያቱም መስመሮቹን የሚፈጥረው ኤሌክትሮኑ በሁለተኛው የኃይል እርከን ላይ ያለ አቶም ነው። ኮከቡ ቀዝቃዛ ከሆነ ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በመጀመሪያው እርከን ላይ ይቀመጣሉ፤ እጅግ ትኩስ ከሆነ ደግሞ አቶሞቹን ጥለው ይሄዳሉ። በሁለቱም ጫፍ መስመሩ ይደክማል። ይህን የአቶሞች ሚዛን በቀመር ያስቀመጠው ሜግናድ ሳሃ ሲሆን፣ ሴሲልያ ፔይን በ1925 በቀረበው የዶክትሬት ጽሑፏ በዚያ ቀመር ተጠቅማ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆናቸውን አገኘች። ከእርሷ በፊት የብዙዎች እምነት፣ በፀሐይ ስፔክትረም ላይ የብረት መስመሮች ስለበዙ ፀሐይ የምድርን የመሰለ ይዘት አላት የሚል ነበር። የሥነ ፈለክ ሊቁ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ውጤቷን ስላልተቀበለው ፔይን ራሷ «እውነት ላይሆን ይችላል» የሚል ማሳሰቢያ ለማስገባት ተገደደች፤ ራስል ግን በ1929 በሌላ መንገድ ወደዚያው ድምዳሜ ደረሰ። ትክክለኛው ልኬት በእጇ ሳለ እንድትጠራጠረው መደረጉ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከመስመሮቹ ፍጥነትም ይገኛል። ኮከቡ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ከእኛ ቢርቅ የሶድየም መስመሮች በ0.059 ናኖሜትር ወደ ቀይ ይሸሻሉ። በነገራችን ላይ ምድር ራሷ በፀሐይ ዙሪያ የምትጓዘው በሰከንድ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ የእኛው ጉዞ በየልኬቱ ካልተቀነሰ ፍጹም የረጋ ኮከብ እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ ወዲህና ወዲያ የሚል ይመስላል።

የሌሊት ተመልካች

መጠነ ቁስ እስካሁን ስላልተነሣ እርሱን ልያዝ። ኮከብን በሚዛን ማስቀመጥ ስለማይቻል ያለን መንገድ የስበት ኃይሉ ሌላ አካልን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ማየት ነው። ቤሰል በ1844 ሲርየስ በሰማይ ላይ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየተወላገደ እንደሚጓዝ አስተውሎ የማይታይ ጓደኛ እንዳለው ተናገረ፤ አልቫን ግራሃም ክላርክ በ1862 አዲስ ሌንስ ሲፈትን ያን ደብዛዛ ጓደኛ አየው። ሁለቱ በ50 ዓመት አንዴ ይዞራሉ። ከዙረቱ ስፋትና ጊዜ የሁለቱ መጠነ ቁስ ድምር ይወጣል፤ ከጋራ ማዕከላቸው ካላቸው ርቀት ደግሞ የየድርሻቸው፦ ዋናው የፀሐይን 2.06 እጥፍ ገደማ፣ ጓደኛው 1.02 እጥፍ ገደማ። ሆኖም እዚህ ላይ የጠያቂው ሥጋት ትክክል ነው። የዙረቱን ስፋት በኪሎ ሜትር ለማወቅ ርቀቱ ያስፈልጋል፤ ስሌቱም በኩብ ስለሚሄድ ርቀቱ 10 በመቶ ተጋንኖ ቢወሰድ መጠነ ቁሱ በ33 በመቶ ይጋነናል።

ከዚህ ጥገኝነት ነጻ የሆኑት እርስ በርስ የሚጋረዱ ጥንድ ከዋክብት ናቸው። እኔ ለብዙ ዓመታት ያለ ምንም መሣሪያ የምከታተለው አልጎል ከእነርሱ አንዱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ድምቀታቸው አስቀድሞ የታወቀ ሁለት ጎረቤት ከዋክብትን መርጬ፣ አልጎል ከአንዱ ምን ያህል እንደሚያንስ፣ ከሌላውም ምን ያህል እንደሚበልጥ በየግማሽ ሰዓቱ እመዘግባለሁ። በግርዶሹ ሌሊት ከ2.1 ማግኒቲዩድ (ቁጥሩ ሲጨምር ድምቀቱ የሚቀንስበት የድምቀት መለኪያ) ወደ 3.4 ሲወርድ፣ ማለትም ብርሃኑ ከሲሶ በታች ሲሆን፣ ቀስ በቀስ ከጎረቤቶቹ ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያም እንደገና ይበልጣቸዋል። ይህ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ይደጋገማል። ጆን ጉድሪክ በ1783 ይህን መደበኛነት ሲያስታውቅ አንድ ጨለማ አካል ፊቱን እየጋረደው ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

በእንዲህ ያሉ ጥንዶች ላይ ፍጥነታቸው ከመስመሮቻቸው መሸሽ፣ የግርዶሹም ርዝመት ከሰዓት ይነበባል፤ ፍጥነት በጊዜ ሲባዛ ኪሎ ሜትር ነውና የሁለቱም ስፋት በቀጥታ ይወጣል፣ ከዙረታቸውም መጠነ ቁሳቸው። ርቀት በስሌቱ ውስጥ አይገባም። የሁለቱም ከዋክብት መስመሮች ጥርት ብለው ሲታዩ ስህተቱ ከ3 በመቶ በታች ይሆናል። ብቻውን ለሚኖር ኮከብ የሚሰጠው የመጠነ ቁስ ቁጥር ግን በአብዛኛው የተለካ ሳይሆን፣ ከእነዚህ ጥንዶች ከተገኘው ደንብና ከሞዴል የተወሰደ ነው። ጽሑፎች ይህን ልዩነት ሳይገልጹ ማለፋቸው አንባቢን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ።

ንባብ ወዳድ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። የቤቴልጁስን ርቀት ስፈልግ በአንድ ቦታ 430፣ በሌላ 640፣ በሌላ ደግሞ 550 የብርሃን ዓመት አገኘሁ። ጋያ ቢሊዮን ከዋክብትን ከመዘገበች፣ በዓይን የሚታየው ይህ ኮከብ እንዴት ይህን ያህል ያከራክራል? ርቀቱስ እንዲህ ካወዛገበ 3,500 ኬልቪን የሚለውን ቁጥር ማመን ይቻላል?

የሰማይ ካርታ

ቤቴልጁስ የሚያስቸግረው በመድመቁና በመግዘፉ ነው። ለጋያ መሣሪያዎች ከልክ በላይ ይደምቃል። ከዚህም በላይ «ኮከብ ነጥብ ነው» የሚለው ለእርሱ አይሠራም፤ በሰማይ ላይ የሚይዘው ስፋት ከፓራላክሱ ከ6 እጥፍ በላይ ነው። ገጹ ላይ ግዙፍ ትኩስና ቀዝቃዛ ቦታዎች ስለሚፈራረቁ የብርሃኑ መሐል ራሱ ይዋልላል፤ ይህን መዋለል ምድር ከምታመጣው እንቅስቃሴ መለየት አዳጋች ነው። 430 ገደማ የሚለው ከሂፓርኮስ የ1997 ዝርዝር የመጣ ነው፤ 640 ገደማ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ልኬት በ2008 ሲታከልበት የተገኘ ነው፤ 550 ገደማ ደግሞ በ2020 ከኮከቡ ርግብግቢት ሞዴል የወጣ ነው። ከ430 ወደ 550 ብንሄድ የኮከቡ ስፋት በ28 በመቶ፣ ጠቅላላ የብርሃን ኃይሉ በ64 በመቶ ያድጋል።

የሙቀት መጠኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማይክልሰንና ፒዝ በ1920 በማውንት ዊልሰን በነበረው ቴሌስኮፕ አፍ ላይ 6 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ወጋግራ አጋድመው፣ በላዩ ላይ ያሉትን መስታወቶች እያራራቁ የቤቴልጁስን ብርሃን ከሁለት ቦታ አገናኙ። መስታወቶቹ ሲቀራረቡ ይታዩ የነበሩት የብርሃንና የጥላ ዝንጉርጉር መስመሮች ክፍተቱ 3 ሜትር ገደማ ሲደርስ ጠፉ፤ ከዚያ ክፍተት ኮከቡ በሰማይ ላይ 0.047 ቅስት ሰከንድ እንደሚሰፋ ተሰላ። ዛሬም ይኸው ዘዴ በተሻሻለ መልኩ ይሠራበታል። ይህ የማዕዘን ስፋት በርቀቱ ልክ ያንሳል፤ ወደ እኛ የሚደርሰው ብርሃን ደግሞ በርቀቱ ካሬ ልክ ይሳሳል። ስለዚህ የደረሰንን ጠቅላላ ብርሃን ለማዕዘን ስፋቱ ካሬ ስናካፍል ርቀት ከላይም ከታችም ይሰረዝና፣ የሚቀረን ከገጹ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚወጣው ብርሃን ነው፤ እርሱም የሚወሰነው በሙቀት መጠኑ ነው። ኮከቡ 430 ይራቅ 640፣ የአቧራው ድርሻ በአግባቡ እስከተቀነሰ ድረስ፣ 3,500 ገደማ የሚለው ቁጥር ከቦታው አይነቃነቅም።