«ስሙን ቀይርና ተጫወት» መልስ ነው እንዴ? የኦርክ ገጽ የት ገባ?

ሰባራ ጋሻ፦
ከትናንት ጀምሮ አንጀቴ እርር ብሏል። አንድ ጀማሪ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጌም ማስተር (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) «በ2025ቱ ሞንስተር ማንዋል፣ በጭራቆቹ መጽሐፍ ውስጥ ኦርክ የሚባለውን ተዋጊ ጭራቅ ፈልጌ አጣሁ፣ የት ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ምን ነበር? «ታፍ (ጉልበተኛ ሰው) የሚለውን ገጽ አውጣ፣ ስሙን ቀይርና ተጫወት።» በቃ። ከ500 በላይ ጭራቅ ያለበት ወፍራም መጽሐፍ ነው እኮ። ኦርክ ከጨዋታው የ1974ቱ የመጀመሪያ ቡክሌት ጀምሮ አለ። ከዚያ በወጡት እትሞችም በ1977 አለ፣ በ2000 አለ፣ በ2008 አለ፣ በ2014 አለ። አሁን ድንገት የለም። ስም መቀየሩ የኔ ሥራ ከሆነ መጽሐፉን ለምን ገዛሁት?

ባለ ሃያ ጎን፦
መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሁንም እዚያው ነኝ። ይህን ደግሞ ከራሴ አላመጣሁትም፣ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ራሱ በኦርክ ፋንታ ታፍን ተጠቀም ይላል። ኦርክ አልጠፋም። በ2024ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ተጫዋች ለገጸ ባሕሪው ከሚመርጣቸው 10 ዘሮች አንዱ ሆኗል። ከዘሮቹ ሌላውን፣ ድዋርፍ ሽፍታ ስትፈልግ የድዋርፍ ገጽ ትፈልጋለህ? የሽፍታውን ታወጣለህ። ለኦርክ ሲሆን ምን ተለየ?

ሰባራ ጋሻ፦
የተለየውን በቁጥር ላሳይህ። የ2014ቱ ኦርክ 15 ሂት ፖይንት (ምት የሚቋቋምበት ነጥብ) አለው። ጠላት ካየ በቦነስ አክሽን (በተራው ከዋናው ድርጊት ሌላ በሚፈቀድለት ትርፍ ድርጊት) ተጨማሪ 30 ጫማ ወደሱ ይሮጣል። «60 ጫማ ርቄያለሁ፣ ማን ይነካኛል» ብሎ የቆመ አስማተኛ በዚያው ተራ ባለ 12 ጎን ዳይስ የመጥረቢያ ምት ሲቀምስ ፊቱን ማየት ነው! ኦርክ ማለት ያ ሩጫ ነው። ታፍ ግን 32 ሂት ፖይንት ይዞ፣ ጓደኛው አጠገብህ ከቆመ ሁለት ዳይስ ጥሎ የሚሻለውን ይወስዳል። ይሄ የሰፈር ጉልበተኛ ነው። ሁለቱም የከባድነት ደረጃቸው ግማሽ ነው፣ ውጊያው ግን አንድ አይደለም። ስም ብቻ ነው የሚቀየረው ያለኝ ሰው ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ አያውቅም።

ባለ ሃያ ጎን፦
አውጥቼ አውቃለሁ። ሩጫውን ከፈለግክ የተጫዋቾቹ ኦርክ እሱው አለው፣ በቦነስ አክሽን ይሮጣል፣ ጊዜያዊ ሂት ፖይንት ያገኛል፣ አንዴ ሊወድቅ ሲል በ1 ነጥብ ይቆማል። እነዚህን ታፉ ላይ ጨምር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሰባራ ጋሻ፦
መጀመሪያ «ስሙን ቀይር» አልክ። አሁን «ጨምር» ሆነ። የትኛው ነው?

ዋሻ ጠባቂ፦
እኔ ገጹ መቅረቱ ደግ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ቁጥር አይደለም። የ1977ቱ መጽሐፍ ኦርኮችን ከ30 እስከ 300 አድርጎ ያመጣል፣ መኖሪያቸው ውስጥ ሴቶችና ልጆች መኖራቸውንም ይጽፋል። አንድ ጊዜ ይህን እንደተጻፈው አጫወትኩት። ቡድኑ ዋሻውን ጠርጎ ጨረሰ፣ የመጨረሻውን በር ከፈተ፣ ውስጥ ያሉት ልጆች ናቸው። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። አንዷ ተጫዋቼ ዳይሷን በእጇ እንደያዘች ቀረች። አንዱ «መጽሐፉ ክፉ ናቸው ይላል፣ እንጨርሳቸው» አለ። አንዱ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድን ሕዝብ በሙሉ «ክፉ» ብሎ የሚፈርጅ ገጽ አልፈልግም። ተጫዋች ኦርክ ሆኖ አጠገቤ እየተቀመጠ ወገኖቹ ጭራቅ ተብለው ሊዘረዘሩ አይገባም።

ሰባራ ጋሻ፦
እህቴ፣ ታሪኩ ልብ ይነካል። ግን ለኔ ነው የመሰከርሽው። ያን ምሽት ያመጣው ያ ገጽ ነው። ልጆች አሉ ብሎ ባይጽፍ ያ በር ባዶ ክፍል ነበር። ታፍ የሚለው ገጽ ላይ ልጅ የለም፣ መኖሪያ የለም፣ ወገን የለም። ቁጥርና ዱላ ነው።

ዋሻ ጠባቂ፦
ልጆቹን ጽፎ ሲያበቃ ሁሉንም ክፉ ብሎ የፈረጀውም ያው ገጽ ነው። ግማሹን አታንብብልኝ።

ሰባራ ጋሻ፦
እሺ፣ ፍረጃው ነው ችግሩ እንበል። ታዲያ ከሌሎቹ ጭራቆች ጎብሊን ለምን አለ? ኮቦልድስ? ጎብሊንን ፌይ (የተረት ፍጡር) አደረጉት፣ ኮቦልድን ድራገን (ዘንዶ)፣ ኖልን ፊንድ (ጋኔን)። በ2014 ሦስቱም እንደ ኦርክ ሂዩማኖይድ (ሰው መሰል) ነበሩ። ዓይነታቸውን ቀይረው ገጻቸውን አተረፉላቸው። ጎብሊን ልጅ የለውም? አሁን ፌይ ስለተባለ ዋሻው ውስጥ ያሉት አያሳዝኑሽም?

ዋሻ ጠባቂ፦
ያሳዝኑኛል። ጎብሊንም ላይ ያው ነው አቋሜ። አንዱን አላስተካከሉም ተብሎ ሌላውም ይበላሽ አይባልም።

ባለ ሃያ ጎን፦
ጎብሊን በ2024ቱ መጽሐፍ የተጫዋች ዘር አይደለም። ልዩነቱ እሱ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የድሮ ማኅደር፦
ልጆች፣ ይህ ጸብ አዲስ አይደለም። በ1989 የጭራቁን መጽሐፍ በማኅደር አደረጉት። ወረቀቶቹ ይነቀላሉ፣ አዲስ ሲወጣ በፊደል ተራ ትሰካላችሁ ተባልን። ግን ወረቀቱ ፊትና ጀርባው ላይ ሁለት የተለያዩ ጭራቆች አሉበት! ፊቱን በተራው ስታስገቡ ጀርባው ከተራው ይወጣል። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ይቀደዱ ነበር፣ እኔ በፕላስተር ነው የያዝኳቸው። በ1993 ተመልሰው አንድ ጥራዝ አደረጉት። ይህም ይመለሳል።

ሰባራ ጋሻ፦
ጋሼ ማኅደር፣ ያ የወረቀት ስህተት ነው። ይሄ የሐሳብ ነው። በ2016 የወጣውን የቮሎ መመሪያ የተባለ የጭራቅ መጽሐፍ ያስታውሳሉ? አሳታሚዎቹ በታኅሣሥ 2021 ኦርክን፣ እንዲሁም ቢሆልደርና ማይንድ ፍሌየር የሚባሉትን ጭራቆች እንዴት እንደምናጫውት የሚያስረዱትን አንቀጾች ቆርጠው አወጡ። ዲጂታሉን የገዛ ሰው ከፍሎ የያዘው መጽሐፍ ውስጥ ጽሑፉ ተነስቶ አገኘው። የእርስዎ ማኅደር ቢቀደድም ማንም ቤትዎ ገብቶ ወረቀት አልነቀለም።

የድሮ ማኅደር፦
እሱስ እውነት ነው። እኔ ወረቀት የምገዛው ለዚያ ነው።

ባለ ሃያ ጎን፦
ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አታቀላቅል። የተሸጠ ነገር መንካት ስህተት ነበር፣ ያኔም ብያለሁ። አዲስ መጽሐፍ ውስጥ ምን እንደሚገባ መምረጥ ግን የጸሐፊዎቹ መብት ነው። የ2014ቱ መጽሐፍህ መደርደሪያህ ላይ ነው። ማን ወሰደብህ?

ሰባራ ጋሻ፦
የኔ አለ። ትናንት የጠየቀው ልጅስ? እሱ ያለው አንድ መጽሐፍ ነው። ጥሩ የጭራቅ መጽሐፍ ሐሳብ ላልመጣለት ማታ ነው የሚጠቅመው። ጠግቦ የተኛ ሰው ለተራበው «አብስል» አይለውም።

ዋሻ ጠባቂ፦
እኛ ነን የጠገብነው ማለት ነው? አባባልህ ከረረ።

ሰባራ ጋሻ፦
ለአንቺ አላልኩም። «ስሙን ቀይር» ላለው ነው።

ባለ ሃያ ጎን፦
በስሜ ጥራኝ እንጂ። ለዚያ ልጅ ሌሊት ቁጭ ብዬ በውስጥ መስመር መልስ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። አንተ እዚህ ለሱ ትቆጫለህ፣ አንድ ቃል ግን አልጻፍክለትም።

ገና ጀማሪ፦
ጠያቂው እኔ ነኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ታፉን ኦርክ ብዬ ሞከርኩት። ሦስት አወጣሁ፣ ተጫዋቾቼ አራት ናቸው፣ ሁሉም ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ። ውጊያው አላልቅ አለ። አንዷ በመሐል «ይሄ ኦርክ ነው ወይስ ግድግዳ?» አለች። ቅዳሜ እንቀጥላለን። ስንት ሂት ፖይንት ልስጠው?

ሰባራ ጋሻ፦
15። ተዋጊህ በባለ 8 ጎን ዳይስና በ3 ጭማሪ ሁለቴ ካገኘው ብዙ ጊዜ ይወድቃል። 32ቱን ለመጨረስ ግን አራት አምስት ምት ይፈልጋል። ሩጫውን ስጠው፣ ሁለት ዳይስ መጣሉን አውጣበት።

ባለ ሃያ ጎን፦
32ቱን አትንካ። ከሦስት ይልቅ ሁለት አውጣ፣ ሩጫውን ጨምር። 15 ካደረግከው ሳይደርስ ይሞትብሃል።

ሰባራ ጋሻ፦
60 ጫማ የሚሮጥ ነገር እንዴት ነው ሳይደርስ የሚሞተው?

ባለ ሃያ ጎን፦
በቀስት። አራት ተጫዋች ነው ያለው፣ አነበብከው?

ዋሻ ጠባቂ፦
ወንድሜ ጀማሪ፣ ከሂት ፖይንቱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኦርኮቹ እዚያ ምን ይሠራሉ?

ገና ጀማሪ፦
እሱን ነው ገጹ ላይ ስፈልግ የነበረው።