የኮሪያ ዘማች ትተውት የሄዱትን አደራ ለወገናቸው ለማስረከብ የት ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ ጠያቂዋ፣ ከቡራዩ

ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ከቡራዩ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በ1960ዎቹ እናቴ ከግቢያችን አንዲቱን ክፍል ለአንድ የቀድሞ የክብር ዘበኛ አሥር አለቃ አከራይታ ነበር። እኚህ ሰው በ1969 ዓ.ም. ሚሊሺያው በታጠቅ ጦር ሰፈር ሲሰለጥን ለአሠልጣኝነት ተጠርተው ሄዱ፤ በሄዱ ዕለትም በጨርቅ የተቋጠረ ጥቅል ለእናቴ ሰጥተው «ስመለስ እወስደዋለሁ፤ ካልሆነም ለወገኖቼ ስጪልኝ» አሏት። ከዚያ ወዲህ አልታዩም፤ መጥቶ የጠየቀ ዘመድም የለም። እናቴ ጥቅሉን ከአርባ ዓመት በላይ ከሣጥኗ ሳታወጣ ጠብቃ፣ ባለፈው ዓመት ከማረፏ በፊት «አደራ በላ አታድርጊኝ» ብላ ለእኔ አስረከበችኝ።

በጥቅሉ ውስጥ በአማርኛ ጽሑፍ የተቀረጸበት፣ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ያለው ጥብጣብ የተንጠለጠለበት ሜዳይ፣ ጥልፍ ያለው የሐር መሐረብ እና በበረዶ ላይ የቆሙ ሦስት ወታደሮች ፎቶግራፍ አሉ። ከፎቶግራፉ ጀርባ የሰውየው ስም ከነአባታቸውና «2ኛ ቃኘው፣ 1944» የሚል በእርሳስ ተጽፏል። ስሙን በይፋ ማውጣት ተገቢ መሆኑን ስላላወቅሁ አልጻፍኩትም። ወገኖቻቸውን ለማግኘት ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የዘማች ልጅ፣ ከየካ

የእናትዎን ነፍስ ይማር። ከእርሳሱ ጽሑፍ ብዙ ነገር ይገኛል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ሲሆን፣ በኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ የተመራው ሁለተኛው ሻለቃ በመጋቢት 1944 ኮሪያ ደርሶ ተክቶታል። ስለዚህ ዓመቱና የሻለቃው ቁጥር ይስማማሉ። ሜዳዩም የተባበሩት መንግሥታት በኮሪያ ለተዋጉት የሰጠው ነው፤ ለእኛ ወታደሮች የተሠራው ጽሑፉ በአማርኛ ነበር።

አፍንጮ በር ወደሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሄደው የዘማቾች ማኅበሩን ይጠይቁ። በመታሰቢያው ላይ ስማቸው የተቀረጸው በኮሪያ የወደቁት 122 ሰዎች መሆናቸውን ግን አስቀድመው ይወቁ። የእርስዎ ሰው በሕይወት ስለተመለሱ ስማቸውን በዚያ ቢያጡት ተስፋ አይቁረጡ፤ ሊጠይቁ የሚገባዎት የተመላሾቹን ዝርዝር ነው። በስልክ ከመጠየቅ የፎቶግራፉን ቅጂ ይዞ በአካል መሄድ ይሻላል፤ ምክንያቱም የአባቴን ጓደኞች እንዳየሁት ስም የረሳ ሽማግሌ አብሮት በምሽግ ያደረን ሰው መልክ አይረሳም። በሕይወት ያሉት ጥቂቶች በመሆናቸው ባይዘገዩ እመክራለሁ።

ጥቅሉ ተደብቆ የመቀመጡ ምክንያትም ይገባኛል። ክብር ዘበኛ ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ስለተበተነ ጓደኛ ከጓደኛ ተለያይቷል። ኋላም ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ብዙ ዘማቾች በደቡብ በኩል መዋጋታቸውን መናገር ፈሩ። የእኔም አባት ሜዳዩን ከእህል ጎተራ ሥር ቀብሮት ነበር።

መልስ፦ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሠራተኛ ማኅደር መካከል ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለ የሚፈልጉት የሰውየውን ስም ብቻ አይደለም፤ የእርሳቸው ስም ለልጆቻቸው ሁለተኛ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ሦስተኛ ስም ሆኖ ይገኛል። ልጅ ካልነበራቸው የአባታቸውን ስም ይዘው ወንድሞቻቸውንና እኅቶቻቸውን ይፈልጉ። በዚያ ዘመን በቅጥር ጊዜ በክርስትና ስሙ ወይም ባሳደገው አጎቱ ስም የተመዘገበ ወታደር ጥቂት አልነበረም፤ እናም የጎረቤት መጠሪያውና የመዝገቡ ስም ቢለያዩ ሌላ ሰው ነው ብለው አይለፉት። ኮሪያ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዝርዝር ካጋጠመዎትም አንዱ ስም በአራት ዓይነት አጻጻፍ ሊመጣ ስለሚችል ጮክ ብለው እያነበቡ ይፈልጉት።

ጥብቅ ምክሬ የመሐረቡን ጥልፍ ለማንም እንዳያሳዩና እንዳይገልጹ ነው። ዘመድ ነኝ የሚል ሲመጣ ሰውየው ስለ መሐረቡ ምን ይሉ እንደነበር ይጠይቁት። ሜዳይ የሚሸጥበት ገበያ ስላለ ይህ ጥንቃቄ አይናቅም።

መልስ፦ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ

እስኪያስረክቡ ድረስ ሜዳዩን በአመድም ሆነ በሎሚ አይፈትጉት፤ የሚያብረቀርቀው የላይኛው ገጽ ከነፊደሉ ይበላል። ሐሩን አያጥቡት፤ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ከፀሐይና ከእርጥበት ያርቁት። ፎቶግራፉን ላሚኔት አያስደርጉ፤ አንዴ በላስቲክ ከታሸገ በኋላ ሳይጎዳ ማውጣት አይቻልም። በጥላ ሥር በስልክዎ ፊትና ጀርባውን ያንሱትና ለሰው የሚያሳዩት ቅጂው ይሁን። ወገን ካልተገኘ ደግሞ ለቤተ መዘክር ቢሰጡት የተሻለ ይመስለኛል።

መልስ፦ የእድር ጸሐፊ፣ ከአሸዋ ሜዳ

እኔ ከሁሉ በፊት በቅርብ ያለውን እንድታዪ እመክርሻለሁ፣ ልጄ። ብቻውን በኪራይ የሚኖር ሰው ብሞት ማን ይቀብረኛል ብሎ የሚገባው እድር ነው። በድሮው የእድር መዝገብ ላይ የአባሉ ስም፣ በሞቱ ጊዜ የሚደረስላቸው ቤተሰቦቹና ተያዡ ይጻፉ ነበር። መዝገቡ ብዙ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አይገኝም፤ የቀድሞው ጸሐፊ ልጆች ቤት፣ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ሰውየው ይሳለሙበት የነበረውን ቤተ ክርስቲያንም ሰበካ ጉባኤ ጠይቂ። እዚህ አካባቢ የምታነጋግሪያቸውን ሽማግሌዎች በአፋን ኦሮሞ ብትጠይቂያቸው የበለጠ ያስታውሱልሻል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ቤተ መዘክሩ የተሰጠውን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሰውየው «ለወገኖቼ» ብለው ስለተናገሩና እናቴም በዚሁ ቃል ስለተቀበለች ፍለጋውን ሳልጨርስ ለሌላ መስጠት አልችልም።

አፍንጮ በር ሄጄ ቅጂውን ትቻለሁ፤ ለአረጋውያኑ እናሳያለን ብለውኛል። የእድሩ ምክር ግን ቀድሞ ፍሬ ሰጠ። የቀድሞው ጸሐፊ ልጅ አባቱ የተዉትን ሦስት መዝገብ ሲያወጣልኝ ሁለተኛው ላይ ስማቸውን አገኘሁት። በቤተሰብ ዓምድ «እናት፣ አንዲት እኅት፣ ፍቼ» ይላል፤ ከጎኑም የተያዡ ስም ተጽፏል። የተያዡ ልጅ አስኮ ነው የሚኖረው። አባቱ ከሰውየው ጋር በክብር ዘበኛ አብረው እንደነበሩና እኅትየዋ ብታርፍም ሴት ልጇ አሁንም ፍቼ እንዳለች ነገረኝ። መሐረቡን ሳልጠቅስለት፣ ሰውየው ለእናታቸው ከሩቅ አገር ያመጡት አንድ ጨርቅ እንደነበርና እናትየዋ ቀድመው ስለሞቱ ሳይሰጧቸው መቅረታቸውን አባቱ ያወራ እንደነበር ጨመረልኝ። ይህን ስሰማ መቆም አቃተኝ።

መልስ፦ ጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

እንኳን ደስ ያለዎት። ቢሆንም ፍቼ ያለችውን ሴትዮ የእናቷንና የአያቷን ሙሉ ስም ጠይቀው ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ። ሌሎች የወንድም ልጆች ካሉም በኋላ ቅሬታ እንዳይነሣ ሁሉም ባሉበት ያስረክቡ። ዕቃዎቹ አንድ በአንድ የተዘረዘሩበት የርክክብ ወረቀት በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው ሦስት ምስክሮች ያስፈርሙ፤ አንዱ ቅጂ በእናትዎ ስም እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።

ጠያቂዋ፦

ወረቀቱን በሁለት ቅጂ አጽፌያለሁ። ሴትዮዋን በስልክ አግኝቻት የአያቷን ስም ሳልጠቁማት ተናገረች፤ ከመዝገቡ ጋር አንድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከእድሩ ሊቀ መንበርና ከተያዡ ልጅ ጋር ወደ ፍቼ እንሄዳለን። ጥቅሉን እናቴ በቋጠረችበት ጨርቅ መልሼ ቋጥሬዋለሁ።